የቀረሶ ቤተ ሰብ፤ ወንዱንና ሴቲቱን ለይቶ ስለ ማኖር

በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ የሚኖር አባወራም ሆነ የቤት እመቤት የሚያረባውን እንስሳ ጾታ ሳያውቅ ወደ ግቢው የሚያስገባ አይደለም። እመቤቲቱ ወደ ገበያ ወጥታ ዶሮ ስትገዛ ቄቧን ከአውራው ለይታ ትገዛለች፤ አባወራውም ላሙ በወለደች ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወይፈን ነው ወይስ ጊደር ብሎ ነው። ይህ ዕውቀት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የመጣ ስለ ሆነ ማንም እንደ ትምህርት አይቈጥረውም። ነገር ግን ዓሣን በጓሮ ኵሬ ወይም በቤት ውስጥ በመስተዋት ገንዳ ማኖር የጀመሩትን ሰዎች «ወንዱ የትኛው ነው?» ብለን ስንጠይቃቸው አብዛኞቹ ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። እኛም በመጀመሪያው ዓመት ዝም ከሚሉት ወገን ነበርን፤ ዝምታችንም ያስከፈለንን ዋጋ ወደ ታች እንናገራለን።

የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ሲሆን ከእርሱ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ከላይ በብርዱ አገር ላለው ሰው ዓሣ ከሐይቁ ዳር በመኪና ተጭኖ የሚመጣ የገበያ ዕቃ ነው፤ ከታች በፎገራ ላለው ግን ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ እያለ በስሙ የሚጠራው ጎረቤቱ ነው። ብዙ ሰው በጾም ወራት ዓሣ ስለሚሻ ፈላጊው በዚያን ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ጥቂት ቦታና የማይደርቅ ውኃ ያለው ቤተ ሰብ ዓሣን በራሱ ግቢ ማርባትን ቢያስብ የሚደነቅ አይደለም።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚመረጠው ቀረሶ ነው። ቀረሶ ሊቃውንት ሲክሊድ ብለው ከሚጠሩት ትልቅ የዓሣ ነገድ ወገን ነው። የዚህ ነገድ ዓይነቶች በአፍሪቃ ከመብዛታቸው የተነሣ በማላዊ፣ በታንጋኒካና በቪክቶርያ ሐይቆች በየመቶው ይቈጠራሉ፤ በየአገሩ ሰው በመስተዋት ገንዳ አድርጎ ለዓይን ደስታ የሚያኖራቸውም ብዙዎቹ የእነዚህ ሐይቆች ልጆች ናቸው። በአገራችንም በአፋር ምድር ጨዋማና ሞቃት በሆነው በአፍዴራ ሐይቅ የዚሁ ነገድ የሆነች አንዲት ትንሽ ዓሣ ትኖራለች፤ እርስዋንም ኢጣልያዊው ሊቅ ቪንቺጔራ በ1931 ዓ.ም. ጽፎ ለዓለም አስታውቋታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በጣና ግን ከዚህ ነገድ ያለው ቀረሶ ብቻ ነው። የጣናውም ቀረሶ ከሌላው የዓባይ ቀረሶ በዘሩ የተለየ መሆኑ ተመርምሮ በ1992 ዓ.ም. የጣና የሚል መጠሪያ በሊቃውንት መዝገብ ተጨምሮለታል። ዓባይ ወርዶ በሚደርስባት በግብጽም ከ4000 ዓመት በፊት በተሠራ መቃብር ግድግዳ ላይ ይኸው ዓሣ በጌጥ ኵሬ ውስጥ ሆኖ ተቀርጾ ይታያል። እንግዲህ ቀረሶን በቤት ማኖር አዲስ ነገር አይደለም።

ወንዱንና ሴቲቱን መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት አስቀድመን አወላለዳቸውን እንናገር። የቀረሶ ወንድ ውኃው በሞቀ ጊዜ፣ ይኸውም ወደ 24 ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ጥልቀት በሌለው ስፍራ የታችኛውን አፈር በአፉ እየዛቀ እንደ ሳሕን የጎደጎደ ጎጆ ይሠራል። በዚያን ጊዜ ራሱና የሆዱ በኩል ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ ወደ ጎጆው የሚጠጋውን ሌላ ወንድ ሁሉ ያባርራል። ሴቲቱ መጥታ እንቍላልዋን በጎጆው ውስጥ ትጥላለች፤ ወንዱም ዘሩን ያፈስበታል። እስከዚህ ድረስ ከሌሎች ዓሦች ብዙ አይለይም። የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ሴቲቱ እንቍላልዋን ሁሉ ከመሬት ለቅማ በአፍዋ ውስጥ ትከተዋለችና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ድረስ እንደ ውኃው ሙቀት እናትዮዋ አፍዋን ሞልታ ትኖራለች። መንጋጋዋ እያመላለሰ ሲያኝክ ይታያል፤ ነገር ግን የሚበላ ነገር የላትም፤ እንቍላሉ ንጹሕ ውኃና አየር እንዲያገኝ ታገላብጠዋለች እንጂ። ጫጩቶቹ በአፍዋ ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ አስኳላቸውንም እስኪጨርሱ ድረስ በዚያው ይቈያሉ። ከወጡም በኋላ አንድ ጥላ ያለፈባቸው እንደ ሆነ ወደ እናታቸው ይሮጣሉ፤ እርስዋም አፍዋን ትከፍትላቸዋለች፤ ሁሉም ገብተው ይሰወራሉ። ወንዱ በዚህ ሥራ አንዳች ድርሻ የለውም፤ ወደ ጎጆው ተመልሶ ሌላ ሴት ይጠብቃል። በቤታችን ያሉ ልጆች ይህን በመስተዋት ውስጥ ባዩ ጊዜ እራት ቀርቦላቸው እንኳ ከዚያ አልነሣም አሉን።

እንዲህ ያለች እናት ልጆችዋን አታስነጥቅም። ሌላው ዓሣ እንቍላሉን በብዙ ሺህ በትኖ ጥቂቱ ሲተርፍለት ቀረሶ ግን ጥቂት ወልዳ ብዙውን ታሳድጋለች። መቶ ግራም የምትመዝን ሴት በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቍላል ትጥላለች፤ ከ600 እስከ 1000 ግራም የደረሰች ደግሞ ከ1000 እስከ 1500 ድረስ ልትጥል ትችላለች። በኵሬ ውስጥ ያለች ቀረሶ ከ5 እስከ 6 ወር ሲሞላት ለመውለድ ትደርሳለች፤ ውኃው ሞቃት እስከ ሆነ ድረስም በዓመት ውስጥ ደጋግማ ትወልዳለች። አርቢውን የሚጎዳውም ይኸው ነው። በረሃብና በበሽታ ከጠፋው የቀረሶ ኵሬ ይልቅ በመዋለድ ብዛት የጠፋው ይበልጣል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። ታላቅ እኅታችን በወረታ አቅራቢያ ባላቸው ቦታ 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ኵሬ አስቈፍረው 100 ያህል የቀረሶ ጫጩት አስገቡ፤ እኛም ከደብረ ታቦር እየወረድን እናግዛቸው ነበር። ያሰቡትም በመስከረም ዓሣውን ሸጠው ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ልብስና ደብተር ሊገዙበት ነበር። ጫጩቶቹን የሰጠን ሰው ወንድና ሴት ናቸው ወይ ብሎ አልጠየቀንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ፉርሽካውና የኑግ ፋጉሎው ሳይጓደል በየዕለቱ ይሰጣቸው ነበር፤ ዓሦቹም ምግብ ሲጣል ውኃውን እያናወጡ ይወጡ ስለ ነበር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በ8ኛው ወር ኵሬውን አጐደልነው። ከታች የተገኘው ከጣት የማይበልጥ ዓሣ በእንስራ የሚሰፈር ነበር፤ ለሰሐን የሚበቃ ግን 10 እንኳ አልሞላም። እኅታችን በኵሬው ዳር ተቀምጠው ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በኋላም «ይህን ሁሉ ፋጉሎ ያበላሁት ለልጆቻቸው ነው እንጂ ለልጆቼ አይደለም» አሉ። የዚያን ዓመት የልጆቹ ልብስ በብድር ተገዛ።

ስሌቱን በወረቀት ላይ ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው። ከ100ው ጫጩት ግማሹ ሴት ቢሆን 50 ሴቶች አሉ ማለት ነው፤ እያንዳንድዋ 100 እንቍላል ብቻ ብትጥል በአንድ ወሊድ 5000 ይሆናል። ከእነዚህ ከ10 አንዱ ብቻ ቢያድግ እንኳ ለ100 ዓሣ የታሰበው ምግብ ለ600 ይከፈላል። ምግብ ባነሰው ኵሬ ውስጥ ያለ ቀረሶ ደግሞ አድጎ እስኪጠነክር አይጠብቅም፤ ገና በትንሽነቱ መውለድ ይጀምራል። ሴቲቱም አፍዋን ሞልታ በቈየች ቍጥር ሳትበላ ስለምትቈይ አታድግም። በዚህ ምክንያት ወንዱ ከሴቲቱ ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ያድጋል። እንግዲህ ለምግብ የሚረባ ኵሬ የወንዶች ብቻ ኵሬ ቢሆን እንደሚሻል ከዚህ ይታወቃል።

ወንዱን ከሴቲቱ የመለየት ሥራ ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ዓሣው 20 ወይም 30 ግራም እስኪሆን፣ ርዝመቱም ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ እስኪሆን ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያ ያነሰውን ለመለየት መሞከር ዓይንን ማድከም ነው። ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በታጠበ እርጥብ እጅ ይዞ ሆዱን ወደ ላይ ማድረግ ነው። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ በላዩ ያለው ልስላሴ ስለሚገፈፍ በኋላ ይታመማል። በሆዱ መጨረሻ፣ ከኋለኛው የታችኛው ክንፍ ፊት፣ ሰገራ የሚወጣባት ቀዳዳ ትታያለች፤ ከእርስዋም በስተኋላ አንዲት ትንሽ የሥጋ ጕብታ አለች። ጾታን የምትናገረው ይህች ጕብታ ናት።

የወንዱ ጕብታ ሾጠጥ ያለች ስትሆን በጫፍዋ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለቻት፤ ሽንትም የወንድ ዘርም የሚወጣው በዚያችው ነው። ስለዚህ ወንዱ ከሰገራ መውጫው ጋራ ባንድነት 2 ቀዳዳ አለው። የሴቲቱ ጕብታ ግን ሰፋና ደልደል ያለች ናት፤ በጫፍዋ ካለችው የሽንት ቀዳዳ ሌላ በመካከልዋ በአግድም የተሰነጠቀች የእንቍላል መውጫ አለች። ሴቲቱ እንግዲህ 3 ቀዳዳ አላት። ይህች የአግድም ስንጥቅ በትንሽ ዓሣ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስለ ሆነች በባዶ ዓይን ለማየት ታስቸግራለች። ለዚህም በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘውን ጄንሽን ቫዮሌት የሚባለውን ሐምራዊ መድኃኒት በውኃ አቅጥኖ በጥጥ ጫፍ ነካ ማድረግ ነው፤ ቀለሙ በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ መስመሩን አጕልቶ ያሳያል። እኅታችን ይህን ሥራ ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ለመዱት፤ ለዓመታት በመርፌ ሲጠልፉ የኖሩ ስለ ሆነ ዓይናቸው ለቀጭን ነገር የሠለጠነ ነው።

መልክን ብቻ አይቶ መፍረድ እንደሚያሳስት ግን እናስጠነቅቃለን። በወሊድ ጊዜ ወንዱ ራሱ ቢቀላም ያ ቀለም የሚታየው በጎለመሰና ጎጆ በያዘ ወንድ ላይ ነው፤ ከእርሱ በታች ያለው የተሸነፈ ወንድ መልኩ እንደ ሴቲቱ ደብዛዛ ሆኖ ይኖራል። በትልቅነቱም መለየት አይቻልም፤ ትልቁ ሴት ትንሹም ወንድ ሊሆን ይችላልና። ልምድ ያለው ሰው እንኳ ከመቶው ጥቂቱን መሳሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ወንድ ብለን የለየናቸውን ለጥቂት ቀናት በሌላ ስፍራ አኑረን ሁለተኛ ጊዜ ብንመለከታቸው ይበጃል። በታላላቅ የማርቢያ ስፍራዎች ገና ሲፈለፈሉ በምግባቸው መድኃኒት እየጨመሩ ሁሉንም ወንድ የሚያደርጉበት ዘዴ አለ፤ ይህ ግን ባለሙያ በቅርብ ሆኖ የሚቈጣጠረው እንጂ የቤት ሥራ አይደለም።

የተለዩት ሴቶች ምን ይሁኑ የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኅታችን ሴቶቹን አልጣሉም፤ ከእነርሱ 9 መርጠው ከ3 ወንዶች ጋራ በትንሽ ኵሬ ለዘር አኖሩ። ለ1 ወንድ ከ2 እስከ 4 ሴት መስጠት የተለመደ ነው። የቀሩት ሴቶች በምጣድ ላይ ዋሉ፤ ትንሽ ዓሣ በደንብ ከደረቀ ከነአጥንቱ ተወቅጦ ለወጥ እንደሚሆን ብዙ ባልትና ያላቸው እመቤቶች ያውቃሉ።

ስለ ቍጥራቸው ደግሞ እንዲህ ነው። በፍግ አረንጓዴ በሆነና ጥልቀቱ 1 ሜትር በሚያህል ኵሬ ውስጥ ለ1 ካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ወንድ ቀረሶ ይበቃል። አረንጓዴነቱ መጠኑን ማለፉንና አለማለፉን ለማወቅ ክንድን እስከ ክርን ድረስ ወደ ውኃው ማስገባት ነው፤ መዳፍ ከታየ ፍግ ይጨመራል፤ ገና አንጓ ሳይገባ ከተሰወረ ፍጉ በዝቷልና ይቈም። ሁለተኛው ዘዴ ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው። አምባዛ ሥጋ በል ስለ ሆነ በስሕተት ገብታ የተገኘች ሴት የወለደቻቸውን ጫጩቶች እየለቀመ ይበላል፤ እርሱም በመጨረሻ ለምግብ ይሆናል። ነገር ግን ሲገባ ከቀረሶዎቹ ያነሰ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ከጫጩቶቹ አልፎ ወንዶቹን ይጀምራል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለፎገራ እንጂ ለደብረ ታቦር አይደለም። የጣና ዳር ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ሲገኝ ደብረ ታቦር ወደ 2700 ሜትር ትደርሳለች፤ ከእርስዋም በላይ ጉና አለ። ቀረሶ የሙቀት ዓሣ ነው፤ የሚወደው ከ30 ሴንቲግሬድ በላይ ያለውን ነው፤ ከ24 በታች መዋለዱን ይተዋል፤ ውኃው ወደ 11 ወይም 12 ከወረደ ይሞታል። ስለዚህ በጋሳይ ወይም በክምር ድንጋይ ብርድ ውስጥ በሜዳ ላይ ኵሬ ቈፍሮ ቀረሶ መጨመር ገንዘብን ወደ ውኃ መጣል ነው። አንዳንድ ሰዎች ብርዱ መዋለዱን ስለሚከለክል ያለ መለየት ማርባት ይቻላል ብለው ሲከራከሩ ሰምተናል። ሐሳቡ ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን መዋለድን የሚከለክለው ብርድ ማደግንም ይከለክላል።

በብርዱ አገር ላለ ቤተ ሰብ የቀረለት በቤት ውስጥ አኳሪየም የሚባለውን የመስተዋት ገንዳ ማኖር ነው። ይህ ለምግብ ሳይሆን ለትምህርትና ለዓይን ደስታ ነው። ቀረሶ ራሱ ሲያድግ ለዚህ አይመችም፤ ዕድሜው ከ10 ዓመት፣ ክብደቱም ከ5 ኪሎ ሊያልፍ የሚችል ዓሣ ነውና ለጥቂት ወራት ልጆች ካዩት በኋላ ወደ መጣበት ኵሬ መመለስ ይኖርበታል። በመስተዋት ገንዳ የሚኖሩት የማላዊ ሐይቅ ትንንሽ ሲክሊዶች ናቸው፤ እነርሱንም አዲስ አበባ ካሉት የጌጥ ዓሣ ሻጮች የሚያመጡ ሰዎች አሉ።

የእነዚህ ጾታ አለያየት ከቀረሶው ይልቅ ያስቃል፤ ያሳስታልም። ኬኒ የተባለው ዓይነት ወንዱ ቢጫ፣ ሴቲቱ ሰማያዊ ናት። አውራቱስ በሚባለው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሴቲቱና ጫጩቶቹ ጥቁር መስመር ያለባቸው ቢጫ ሲሆኑ ወንዱ ሲጎለምስ ይጠቁራል። ሁለቱም ኬኒዎች በልጅነታቸው ሰማያዊ ስለ ሆኑ አንድ ሰው 5 ሰማያዊ ገዝቶ ከጥቂት ወር በኋላ 3 ቢጫ ቢያገኝ ሻጩ አታለለኝ ብሎ መክሰስ የለበትም። የብዙዎቹ ወንዶች የኋለኛው የታችኛው ክንፍ እንቍላል የሚመስሉ ክብ ቢጫ ነጥቦች አሉበት። ሴቲቱ እንቍላልዋን ለቅማ በአፍዋ ከከተተች በኋላ በወንዱ ክንፍ ላይ ያሉትን ነጥቦች የራስዋ የቀሩ እንቍላሎች መስለዋት ልትለቅም ትጠጋለች፤ በዚያን ጊዜ የወንዱ ዘር ወደ አፍዋ ይገባና እንቍላሉ ይጸንሳል። ነገር ግን ጥቂት ነጥብ በሴቲቱም ላይ ሊገኝ ስለሚችል ነጥብ ያለው ሁሉ ወንድ አይደለም፤ ለእርግጠኝነት እዚህም በሆዱ በኩል ያለችው ጕብታ ትታያለች።

የማላዊ ወንድ ቍጡ ነው። በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ የአንድ ዓይነት 2 ወንድ ቢገባ አንዱ ሌላውን ሳይገድለው ወይም ጥግ ሳያስይዘው አይቀርም። ሴትም ብቻዋን ከወንድ ጋራ ብትኖር ዕረፍት ስለማታገኝ ትከሳለች፤ ስለዚህ ለ1 ወንድ 3 ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሴቶች ይሰጡታል፤ በገንዳውም ውስጥ ድንጋይ ተከምሮ መሸሸጊያ ዋሻ ይበጅላቸዋል። አፍዋን የሞላች እናት 3 ሳምንት ያህል ስለምትቈይ በዚያ ዋሻ ትጠለላለች። በታንጋኒካ ሐይቅ ደግሞ በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚወልዱ፣ አባትና እናት ባንድነት ልጅ የሚጠብቁም አሉ፤ ስለ እነርሱ ግን ሌላ ጊዜ ብንጽፍ ይሻላል።

በውጭ አገር የተጻፉ መጻሕፍት የማላዊ ዓሣ ቍጣው እንዲበተን ገንዳውን በዓሣ አብዝቶ መሙላትን ይመክራሉ። የደብረ ታቦር ሰው ይህን ምክር እንዳለ ባይቀበለው ይሻለዋል እንላለን። በ2700 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከ4 እጅ 3 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃውም በውስጡ የሚይዘው የመተንፈሻ አየር በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለዓሦቹም ውኃውን ወደ 26 ሴንቲግሬድ ስናሞቀው የሚይዘው አየር ይብሱን ያንሳል። ስለዚህ መጽሐፉ 20 ዓሣ ባለበት 12 ወይም 15 ማኖር፣ አየር የሚነፋውንም መሣሪያ ሌሊትና ቀን አለማቋረጥ ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ያቈያል፤ በየሩብ ሰዓቱም ውኃውን በጣሳ ከፍ አድርጎ እየቀዱ መልሶ ማፍሰስ አየር ይሰጣል። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ሌሊት ተኝተን አድረን አፍዋን የሞላች እናት እስከ ልጆችዋ አጥተናል።

አዲስ ገንዳ ገዝቶ በዚያው ቀን ዓሣ መጨመርም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። የዓሣ ቆሻሻ በውኃ ውስጥ መርዝ ይሆናል፤ ያንን መርዝ የሚያበርዱት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያ ጥቂት ዓሣ ብቻ ማስገባት፣ በየሳምንቱም ከውኃው ሩቡን መለወጥ ይገባል። ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ከመድኃኒቱ እንዲጠራ አንድ ቀን በሰፊ ዕቃ ማሳደር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። በመስተዋት ገንዳ የተወለዱ ጫጩቶች በበዙ ጊዜ ባለቤቱ ለመግደል ይራራል፤ ለጎረቤት ቢሰጥም ጎረቤቱ በቃኝ ይላል። በዚያን ጊዜ አንዳንዱ በባልዲ ይዞ ወደ ወንዝ መልቀቅን እንደ ጽድቅ ይቈጥረዋል። ከደብረ ታቦር አካባቢ የሚለቀቅ ነገር ሁሉ በርብ ወይም በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምትና በክረምት መጨረሻ እንቍላላቸውን ለመጣል በጉማራና በርብ ሽቅብ ወደ ጉና ወገን ይወጣሉ። በወንዞቹ አፍ መረብ እየተዘረጋባቸው በ1990ዎቹ ዓመታት ቍጥራቸው እጅግ መቀነሱ ተመዝግቧል። በዚህ ላይ ቍጡ የሆነ የባዕድ ዓሣ ቢጨመርባቸው የሚሆነውን ለመገመት ወደ ቪክቶርያ ሐይቅ ማየት ነው። በዚያ በ1950ዎቹ ዓመታት የናይል ፐርች የተባለ ትልቅ ሥጋ በል ዓሣ ተለቅቆ ብዙ የሐይቁ ሲክሊዶች ጠፉ። ከሌላ ስፍራ ተወስዶ የተጨመረው የእኛው ቀረሶም ቢሆን የአገሩን ተወላጅ የቀረሶ ዓይነት ከስፍራው ገፍቶታል። በአገሩ የዋህ የሆነ ዓሣ በሰው አገር እንዲህ ይሆናል።

በዚሁ ምክንያት ለፎገራ ኵሬ የሚሆን ቀረሶ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ባይመጣ እንመርጣለን፤ ክረምት ኵሬውን ሞልቶ ባጥለቀለቀ ጊዜ ወደ ጉማራ መግባቱ አይቀርምና ከጣናው ዘር ጋራ ይደባለቃል። የጣናውን ዘር ስለ ማግኘት በባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል። ከገንዳ የተረፉትን ጫጩቶች ግን ዶሮዎች በደስታ ይበሏቸዋል፤ ይህን ማድረግ የሚከብደው ሰው ደግሞ እናትዮዋ አፍዋን ሳትሞላ አስቀድሞ ወንዱን ከሴቶቹ ለይቶ በሌላ ገንዳ ያኑረው።

እኅታችን በሁለተኛው ዓመት ኵሬውን አድርቀው፣ ኖራ በትነው፣ ሁለት ጊዜ አይተው የለዩአቸውን 90 ወንዶችና 5 ትንንሽ አምባዛዎች አስገቡ። በጳጕሜን ባጐደሉት ጊዜ ከ80 የሚበልጡ ለሰሐን የሚበቁ ቀረሶዎች ወጡ። ከመካከላቸው ግን አንዲት መንጋጋዋ ያበጠ ነበረች፤ ሲይዟት 30 ያህል ጫጩት በመዳፋቸው ላይ ተፋችባቸው። እኅታችን ጕብታዋን ገልብጠው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ይህችን ያለፍኳት የጨርቄ ክር ዓይኔን ይዞኝ ነው» አሉ፤ ጫጩቶቹንም በጣሳ ይዘው ወደ ዘሩ ኵሬ ሄዱ።